የአንገት ኦፕራሲዮን፦ መቼ እሺ እንበል? ማን ጋስ እንሂድ?



በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ በተደጋጋሚ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ኤምአርአይ ተነስቼ የአንገት ዲስክ አለብህ ተባልኩ። ኦፕራሲዮን ልሠራ ወይስ ይቅርብኝ?» የኤምአርአዩን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ የምትልኩልኝም ብዙ ናችሁ።

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ የአንገት ቀዶ ሕክምና አልሠራም። ነገር ግን መንገዱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእኔ ዓይነቱ ሐኪም ነው። ማን ቶሎ ወደ ቀዶ ሐኪም መሄድ እንዳለበት፣ ማን ደግሞ ጊዜ እንዳለው መለየት የእኛ ሥራ ነው። ይህን ሥራ አንድ ጊዜ ተሳስቼ ነው በደንብ የተማርኩት። ዛሬ ከዚያው ልጀምር።

🔹 ጌጫ ላይ ያየሁት

ጌጫ ሸካ ዞን፣ አንድራቻ ወረዳ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ። ዙሪያዋ ጫካ፣ ቡና፣ እንሰትና ማር ነው። ዝናቡ ብዙ፣ ጭቃውም ብዙ። እዚያ አካባቢ ሳገለግል አንድ ቤተሰብ ቡና ጠጣ ብሎ ጠራኝ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ፤ እንድጽፈውም ፈቅደውልኛል።)

የተጠራሁበት ምክንያት ልጃቸው ናት። ዕድሜዋ ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው፤ ሚዛን ከተማ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ከአንገቷ ተነስቶ በትከሻዋ በኩል ወርዶ መሀል ጣቷ ድረስ የሚሄድ፣ እንደ እሳት የሚያቃጥል ሕመም ጀመራት። እንቅልፍ የለ፣ ሥራ የለ። ኤምአርአይ ተነስታለች። በ6ኛውና በ7ኛው የአንገት አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ወጥቷል ይላል። አንድ ሰው ደግሞ «ቶሎ ካልተሠራሽ ሽባ ትሆኛለሽ» ብሏታል። ቤተሰቡ ተጨንቆ ከቡና መሬቱ ከፊሉን ሸጦ ሊያሳክማት ገዢ ማነጋገር ጀምሯል።

ፊልሙን መስኮቱ ላይ አስደግፈን እያየን ሳለ እናትየው ቡና ቀዱ። አባትየው ሲኒውን በሁለት እጃቸው ነው ያነሱት። እንደዚያም ሆኖ ፈሰሰባቸው።

«ምነው ጋሼ፣ እጅዎ?» አልኳቸው።

«ተወው ልጄ፣ ዕድሜ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው እንቢ ካለኝ። አያመኝም።»

የሸሚዛቸውን ቁልፍ ጠዋት ጠዋት የሚቆልፉላቸው ባለቤታቸው ናቸው። ድሮ ዛፍ ላይ ወጥተው ቀፎ የሚሰቅሉ ሰው ነበሩ፤ አቁመዋል። «እግሬ አላምን አለኝ፣ መሬቱ ጥጥ ጥጥ ይለኛል» አሉ። ሽንታቸው ሲመጣም ቶሎ ካልደረሱ ያመልጣቸዋል፤ ይህን እንኳ የነገሩኝ ልጅቷ ከወጣች በኋላ ነው።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። እኚህን ሰው ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ ለደም ግፊት። «እጄን ይደነዝዘኛል» ብለውኝ ነበር። እኔ ቫይታሚን ቢ ጽፌ ሸኘኋቸው። ተነስተው ሲሄዱ አላየሁም። ቁልፍ ይቆልፉ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ በደንብ መረመርኳቸው። ጉልበታቸውን በመዶሻ ስነካው እግራቸው በኃይል ይወረወራል። የእግራቸውን መርገጫ ስጭረው አውራ ጣታቸው ወደ ላይ ይቀለበሳል። እጃቸውን በ10 ሰከንድ ውስጥ በፍጥነት ጨብጠው እንዲዘረጉ ስጠይቃቸው ከ9 ጊዜ በላይ አልቻሉም። ጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ 20 እና ከዚያ በላይ ይችላል።

የዚያን ቤት ነገር አስቡት። የሚያመው ሰው ልጅቷ ነበረች፤ መሬት ሊሸጥ የነበረው ለእሷ ነው። ቶሎ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ግን ምንም የማያመው አባትየው ነበር።

የዛሬው ትምህርት ዋና ነጥብ ይኸው ነው፦ በአንገት ጉዳይ የሕመሙ ብዛት ብቻውን የአደጋው መለኪያ አይደለም።

🔹 ለመሆኑ አንገታችን ውስጥ ምን አለ?

አንገታችን 7 አጥንቶች አሉት። በመካከላቸው ዲስክ የምንለው ለስላሳ ትራስ አለ። አጥንቶቹ ውስጥ ባለው ቦይ ከአንጎል የሚወርደው ሕብለ ሰረሰር ያልፋል። ከእሱም ግራና ቀኝ 8 ጥንድ ነርቮች እየወጡ ወደ ትከሻ፣ ክንድና ጣቶች ይሄዳሉ።

ሕብለ ሰረሰሩን እንደ ዋናው የመብራት መስመር፣ ነርቮቹን ደግሞ ወደየቤቱ እንደሚገቡ ሽቦዎች ቁጠሯቸው። አንዱ ሽቦ ሲነካ አንድ ቤት ይቸገራል። ዋናው መስመር ሲጎዳ ግን ከዚያ በታች ያለው ሰፈር በሙሉ ይቸገራል። ስለዚህ «ዲስክ አለብህ» ከተባላችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «የተነካው የቱ ነው?» መሆን አለበት።

👉 1ኛ፦ ነርቩ ሲነካ

ሐኪሞች ራዲኩሎፓቲ እንለዋለን። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በኩል ብቻ ይሆናል። ሕመሙ ከአንገት ወደ ክንድ ይወርዳል፤ ያቃጥላል፣ ይነዝራል፣ ይደነዝዛል። 6ኛው ነርቭ ከተነካ ወደ አውራ ጣት፣ 7ኛው ከሆነ ወደ መሀል ጣት መሄድ ይቀናዋል። የልጅቷ ሕመም ይህ ነው። በጣም ያማል፤ ነገር ግን አብዛኛው ሰው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያለ ኦፕራሲዮን ይሻለዋል። የወጣው ዲስክ ራሱ ብዙ ጊዜ በጊዜ ሂደት እየሟሸሸ ይሄዳል።

👉 2ኛ፦ ሕብለ ሰረሰሩ ሲጨመቅ

ይህንን ማይሎፓቲ እንለዋለን። ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ከዕድሜ ጋር ዲስኩ ይደርቃል፣ አጥንቱ ጠርዝ ያበቅላል፣ ጅማቱ ይወፍራል፤ ቦዩ ይጠባል። ሕመም ላይኖር ይችላል፤ ለዚህ ነው የሚያታልለው። በአንድ ጥናት ሕመሙ እስኪታወቅ በአማካይ ከ2 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ እኔ ብቻ አይደለሁም የተሳሳትኩት፤ ይህ ግን ለጋሼ ምንም አይጠቅማቸውም።

እነዚህን ምልክቶች በራሳችሁ፣ በተለይ ደግሞ በወላጆቻችሁ ላይ ተመልከቱ፦

✅ ቁልፍ መቆለፍ፣ ሳንቲም መቁጠር፣ ስልክ ላይ መጻፍ ከበፊቱ ከከበደ
✅ የእጅ ጽሑፍ ወይም ፊርማ ከተለወጠ
✅ ዕቃ ከእጅ እየወደቀ ካስቸገረ
✅ እግር ከተገተረ፣ በጨለማ ወይም በደረጃ ላይ ሚዛን ከጠፋ
✅ ሁለቱም እጆች ከደነዘዙ
✅ አንገት ወደ ፊት ሲጎነበስ በጀርባ የሚወርድ የኤሌክትሪክ ዓይነት ንዝረት ካለ
✅ ሽንት ለመቆጣጠር ከከበደ

ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ እጅን በ10 ሰከንድ ስንት ጊዜ ጨብጦ መዘርጋት እንደሚቻል ቁጠሩ። ሁለተኛ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገናኙ በቀጥታ መስመር 10 እርምጃ መሄድ፤ እንዳይወድቁ አጠገባቸው ሰው ይቁም። ይህ በሽታውን አያረጋግጥም፤ ከከበዳቸው ግን «ዕድሜ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሐኪም ይያቸው።

🔹 የኤምአርአይ ወረቀት ብቻውን ፍርድ አይደለም

በጃፓን ምንም ምልክት የሌላቸው 1,211 ጤነኛ ሰዎች የአንገት ኤምአርአይ ተነስተው ነበር። ከ100 ሰዎች ወደ 88ቱ ዲስካቸው ወጣ ብሎ ተገኘ። በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉትም ቢሆኑ አብዛኞቹ እንደዚያው ነበሩ። ምንም አላመማቸውም!

ይህ ማለት ኤምአርአይ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ፊልሙ ላይ የታየው ነገር፣ እናንተ የምትናገሩት ስሜትና ሐኪሙ በእጁ መርምሮ ያገኘው ሦስቱም ሲገጣጠሙ ብቻ ትርጉም አለው ማለት ነው። ፊልሙ ግራ በኩል ዲስክ ወጥቷል እያለ እናንተን የሚያማችሁ ቀኝ እጅ ከሆነ የሚሠራው ምንድን ነው? ለዚህ ነው የፊልም ፎቶ በውስጥ መስመር ስትልኩልኝ «ይሠራ» ወይም «አይሠራ» የማልላችሁ። መልስ የማልሰጠው ንቄያችሁ አይደለም።

🔹 ታዲያ ማን ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል?

🔴 ሳይዘገይ መታየት ያለበት፦

👉 የሕብለ ሰረሰር መጨመቅ ምልክት ያለበት። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ ደረጃው መካከለኛና ከባድ ለሆነ ሰው ቀዶ ሕክምናን ይመክራል። ቀላል ደረጃ ላይ ያለ ሰው ወይ ሊሠራ፣ ወይ ደግሞ በባለሙያ ክትትል ሌላ ሕክምና ሊሞክር ይችላል፤ ከባሰበት ግን ይሠራል።

👉 የእጅ ወይም የእግር ጉልበቱ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ እየቀነሰ የሚሄድ።

👉 ከወደቀ ወይም አደጋ ከደረሰበት በኋላ አንገቱን የሚያመው፣ እጅ እግሩ የደነዘዘ ወይም የዛለ።

👉 ከአንገት ሕመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ያለበት ወይም ቀድሞ ካንሰር የነበረበት። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢን መርሳት አይቻልም። ቲቢ ከሆነ ዋናው ሕክምና መድኃኒት ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ ለአጥንት ቲቢ አንድ ዓመት ያህል ይወሰዳል። ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ሕብለ ሰረሰሩ ከተጨመቀ ወይም አጥንቱ ከፈረሰ ነው። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ላይ ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባለውም በሽታ ይታሰባል።

🟡 ጊዜ ወስዶ መወሰን የሚችል፦

👉 በአንድ ክንድ የሚወርድ ሕመም ያለበት፣ ጉልበቱ ግን ደህና የሆነ ሰው። ከ6 እስከ 12 ሳምንት በመድኃኒት፣ በፊዚዮቴራፒና ሥራን በማስተካከል ይሞክራል። ኮላር ካስፈለገ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ ለወራት ከታሰረ የአንገት ጡንቻ ይሰንፋል። እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ከፋርማሲ ገዝቶ አይዋጥ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ ኑሮ ከከለከለና ምርመራውም ከገጠመ ቀዶ ሕክምና ጥሩ አማራጭ ነው። የክንድ ሕመምን ቶሎ ያስታግሳል። ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ግን በተሠሩትና ባልተሠሩት መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ «ካልተሠራህ ሽባ ትሆናለህ» የሚለው ማስፈራሪያ ለዚህ ዓይነቱ ሰው ልክ አይደለም።

🟢 ኦፕራሲዮን ብዙም የማይጠቅመው፦

👉 ወደ ክንድ የማይወርድ፣ የነርቭ ምልክት የሌለው፣ አንገት ላይ ብቻ የሚቆም ሕመም። ይህ ብዙ ጊዜ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ነው። ስልክ ላይ ለሰዓታት አንገታችንን ሰብረን የምንውል የከተማ ልጆች፣ ይህ እኛን ይመለከተናል።

🔹 ስለ ወጌሻና ስለ ጸበል

አንገትን በኃይል መጠምዘዝና «ማንቋቋት» አደገኛ ነው፤ ወጌሻም ያድርገው፣ ጸጉር ቤት ውስጥ ያለ ሰውም ያድርገው። ቦዩ ቀድሞ የጠበበ ሰው በአንድ ጥምዘዛ እጅ እግሩ ሊያዝ ይችላል። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፤ እኔ እምነታችሁን አልነካም። የምለምናችሁ ሪፈራችሁን ትራስ ሥር አስቀምጣችሁ ወር እንዳታሳልፉ ብቻ ነው። ሁለቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅል፣ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ሰው በሚበዛበት አገር ደግሞ ይህን እወቁ፦ የወደቀን ሰው እጅና እግሩን ይዛችሁ አታንሱት። ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን በአንድ መስመር አድርጋችሁ፣ ሰው ተባብራችሁ፣ እኩል አንቀሳቅሱ። ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አስተኙት። ከአንገቱ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ልብስ አድርጉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

🔹 ማን ጋ እንሂድ?

«የነርቭ ቀዶ ሐኪም ነው ወይስ የአጥንት?» ትሉኛላችሁ። ሁለቱም የአከርካሪ ኦፕራሲዮን ሊሠሩ ይችላሉ። ከማዕረጉ ስም ይልቅ የአከርካሪ ሥልጠና መውሰዱና የአንገት ኦፕራሲዮንን ዘወትር መሥራቱ ይበልጣል።

እዚህ ጋ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከኖርዌይ በርገን በመጡ ሐኪሞች እገዛ ጭምር። ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱና ብዙዎቻችሁ ኮሪያ ሆስፒታል የምትሉት ሚዩንግሰንግ የዚህ ታሪክ አካል ናቸው። በቅዱስ ጳውሎስም፣ በሥሩ ባለው የአደጋ ሆስፒታል በአቤትም ይህ ሕክምና ይሰጣል። ዛሬ ከእነዚህ ቦታዎች የወጡ ሐኪሞች አሉን። ስለዚህ ደላላ በስልክ «ህንድ ካልሄድክ፣ ታይላንድ ካልሄድክ» ስላላችሁ ብቻ ቤት አትሽጡ። መጀመሪያ እዚህ ታዩ። ውጭ የሚያስኬድ ነገር ካለም የሚነግራችሁ የመረመራችሁ ሐኪም ይሁን፣ ኮሚሽን የሚበላ ሰው አይሁን።

ቀጠሮ ስትይዙ እነዚህን ጥያቄዎች ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ለመጠየቅም አትፈሩ፦

1. የተነካው ነርቩ ነው ወይስ ሕብለ ሰረሰሩ?
2. ባልሠራው በሚቀጥሉት ወራት ምን ይሆናል? ብጠብቅ ምን አጣለሁ?
3. ከኦፕራሲዮኑ የትኛው ምልክት እንዲሻለኝ ልጠብቅ? የትኛውስ ላይሻል ይችላል?
4. የሚሠራው ከፊት ነው ወይስ ከኋላ? ለምን?
5. ይህን ዓይነት ኦፕራሲዮን በዓመት ስንት ያህል ይሠራሉ? በሽተኞቹስ እንዴት ሆኑ?
6. ምን ችግር ሊመጣ ይችላል? ሌሊት ችግር ቢፈጠር ማን አለ? የፅኑ ሕሙማን ክፍል አለ?
7. ብረት ወይም ሌላ ዕቃ ይገባል? የሚገዛው ማን ነው? ጠቅላላ ወጪው ከነክትትሉ ስንት ነው?
8. ፊዚዮቴራፒውን የት ልሠራ? ከክፍለ አገር ነው የመጣሁት፤ ለክትትል በስንት ጊዜው ልምጣ?

ስለ 4ኛው ጥያቄ ትንሽ ላብራራ። ከፊት ሲሠራ ከጉሮሮ ጎን በትንሽ ቁስል ገብተው ዲስኩን አውጥተው፣ በቦታው ሌላ ነገር ተክተው፣ ብዙ ጊዜ አጥንቶቹን በብረት ያያይዟቸዋል። ከኋላ ሲሠራ የቦዩን ጣሪያ ከፍተው ለሕብለ ሰረሰሩ ቦታ ይሰጡታል። የቱ ይሻላል የሚለው የሚወሰነው ግፊቱ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ደረጃ ላይ እንደሆነና በአንገቱ ቅርጽ ነው። «ጎረቤቴ ከፊት ነው የተሠራችው» ብላችሁ አትከራከሩ።

ስለ 6ኛው ደግሞ ከፊት ሲሠራ ለጊዜው የመዋጥ መቸገርና የድምፅ መጎርነን የተለመደ ነው፤ በአብዛኛው ይጠፋል። ከዚያ በተረፈ ኢንፌክሽን፣ ደም መፍሰስ፣ የትከሻ መዛል፣ አጥንቱ በደንብ አለመያያዝ፣ አልፎ አልፎም የነርቭ ወይም የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ሊኖር ይችላል። ከኦፕራሲዮን በኋላ አንገት አብጦ መተንፈስ ካስቸገረ በአስቸኳይ መታየት አለበት። ሲጋራ አጥንት እንዳይያያዝ ያደርጋልና የሚያጨስ ሰው ቀድሞ ያቁም። ስኳር ያለበትም ስኳሩን ያስተካክል።

🔹 እነዚህን ካያችሁ ሌላ ሐኪም አማክሩ

❌ ሳይነካችሁ፣ ሳያስኬዳችሁ፣ ወረቀቱን ብቻ አይቶ «ነገ እንሥራ» የሚል
❌ «መቶ በመቶ ትድናለህ» የሚል
❌ ጥያቄ ሲጠየቅ የሚቆጣ፣ ሌላ ሐኪም ማማከራችሁን የሚጠላ
❌ አስቸኳይ ምልክት ሳይኖርባችሁ በፍርሃት የሚያጣድፍ

ጥሩ ቀዶ ሐኪም ሁለተኛ አስተያየት ስትጠይቁት ቅር አይለውም። የኤምአርአይ ሲዲውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ሁለቱ ሐኪሞች ካልተስማሙ ምክንያታቸውን ጠይቁ፤ መልሱ እዚያ ውስጥ አለ። የማይሎፓቲ ምልክት ካለ ግን ሁለተኛ አስተያየት በቀናት ውስጥ ይሁን። ስድስት ሐኪም እያዞራችሁ ዓመት አትጨርሱ።

🔹 ከክፍለ አገር የምትመጡ ወይም ወላጅ የምታመጡ

እዚህ ገጽ ላይ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ ከተማ ነው የምትኖሩት። ነገር ግን ቤተሰባችሁ ያለው ጌጫ፣ ማሻ፣ ቴፒ፣ ቦንጋ ነው። እነሱን የምታሳክሙት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ፦

👉 መንገዱን በሪፈር ጀምሩ። ከአካባቢው ጤና ተቋም ወደ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ ካስፈለገም አዲስ አበባ። የጤና መድን አባል የሆነ ሰው ሪፈር ሳይዝ ከሄደ ሽፋኑን ሊያጣ ይችላል።

👉 ከመነሳታችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። ሐኪሙ አለ? ማሽኑ ይሠራል? ወረፋው ስንት ነው? ከጅማ አዲስ አበባ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰው ያን ሁሉ መጥቶ «ሰኞ ተመለስ» መባል የለበትም።

👉 ሪፈሩ ላይ «የአንገት ሕመም» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ ሐኪሙን ጠይቁ። እጁ ምን እንዳቃተው፣ አካሄዱ፣ ሽንቱ፣ መቼ እንደጀመረ ይጻፍ። ወረፋ የሚያስቀድመው ይህ ነው።

👉 ሲራመዱና ቁልፍ ሲቆልፉ አጭር ቪዲዮ በስልካችሁ ቅረጹ። ከወር በኋላ ድጋሚ ቅረጹ። መባሱን ወይም አለመባሱን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

🔹 ቤተሰቡ እንዴት ሆነ?

ልጅቷ መድኃኒት ጀመረች፣ ቢሮ የምትቀመጥበትን አስተካከለች፣ ፊዚዮቴራፒ ሠራች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ነበሩ፤ በየሁለት ቀኑ ትደውልልኝ ነበር፤ ጉልበቷንም እየፈተሽን እንከታተል ነበር። ሁለት ወር አካባቢ ሲሆን ሌሊት መተኛት ጀመረች። አልተሠራችም።

ጋሼን ማሳመን ነው የከበደው። «ለማያመኝ ነገር ቢላዋ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያ እላለሁ። «ጋሼ፣ ኦፕራሲዮኑ ወጣት አያደርግዎትም። የጠፋውን ሁሉ አይመልስም። የሚያደርገው አሁን ያለዎትን እንዳያጡ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «በእግሬ ቡናዬ ውስጥ መሄድ ካልቻልኩ መሬቱስ ለምኔ?» አሉ። እሺ ያሉት በዚህ ነው።

ብዙ ወረፋ ጠብቀው በመንግሥት ሆስፒታል ተሠሩ። ዛሬ ምርኩዝ ይዘው ቡናቸው ውስጥ ይሄዳሉ። ሽንታቸው ተሽሏቸዋል። ጣቶቻቸው ግን እንደ ድሮው አልሆኑም፤ የላይኛውን ቁልፍ አሁንም ባለቤታቸው ናቸው የሚቆልፉላቸው። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ጠርጥሬ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እሳቸው ይቆልፉት ነበር። ይህን ማወቅ አልችልም። ከዚያ ወዲህ ግን «እጄን ይደነዝዘኛል» የሚል ሰው ሲመጣ ሳላስኬደው አልሸኝም።

ዛሬ ማታ ወላጆቻችሁ ጋ ደውሉና አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «እማዬ፣ አባዬ፣ ቁልፍ መቆለፍ ይከብዳችኋል?» በቃ፣ ይቺን ብቻ።

ይህ ጽሑፍ ለትምህርት ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ የምችለውን እመልሳለሁ። ወላጆቹ ክፍለ አገር ላሉ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።

ቸር እንሰንብት!